ከኮረብታው ያላመጣሁት ፎቶ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱን ካሜራ ላስረክብ ንብረት ክፍል ገባሁ። እዚያ ያለችው ልጅ ዲጂታሉን ካሜራ፣ ባትሪውን፣ ገመዱን አንድ በአንድ አይታ ፈረመችልኝና ዓይኗ ትከሻዬ ላይ በተንጠለጠለችው አሮጌ ካሜራ ላይ አረፈ።

«ይቺስ? ይቺም የመሥሪያ ቤቱ ናት?»

«የኔ ናት።»

«ቻርጀሯ የታለ?»

«ቻርጀር የላትም ልጄ። ፊልም ነው የምትበላው። በእጅ ነው የምትጠመዘዘው።»

«ውይ! እና አሁንም ትሠራለች?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ደረጃውን ስወርድ ግን ካሜራዋን ከትከሻዬ አውርጄ ጉያዬ ውስጥ ያዝኳት።

ዛሬ ሰው ሁሉ ፎቶ አንሺ ነው። አሰላ ላይ ሚኒባስ የሚጠብቀውም፣ ገበያ ድንች የምትሸጠውም ኪሳቸው ውስጥ ካሜራ አላቸው። ቅር አይለኝም እላለሁ። ኧረ ይለኛል፣ ምን ያስዋሸኛል! ፎቶ የምናጥብበት የጨለማ ክፍላችን ይናፍቀኛል። የመድኃኒቱ ሽታ፣ ቀይዋ አምፖል፣ ወረቀቱ ሳህኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ ትንፋሽ ውጦ መጠበቁ። ፊት እንዴት እንደሚመጣ በዓይኑ ያየ ሰው አሁን ስንት ቀረ? መጀመሪያ ፀጉሩ ይጠቁራል። ከዚያ ዓይኑ ይመጣል። ጥርሱ ከሁሉ በኋላ ነው የሚለየው። ሰውዬው ሳቀ አልሳቀ የምታውቀው መጨረሻ ላይ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተክሌ ናቸው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሙቀት ሆነ ብርድ ኮታቸውን ሳያወልቁ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ወድቄ ሥራ ሳጣ ዋናው መንገድ ዳር ያለው ፎቶ ቤታቸው ቀጠሩኝ። ሰዓሊም ነበሩ። ለፎቶ ቤቱ የጀርባ መጋረጃ የሚስሉት ራሳቸው ናቸው። ደንበኛው የአውሮፕላን ደረጃ ላይ ቆሜ አንሳኝ ካለ አውሮፕላኑ አለ፤ ሐይቅ ካለም ሐይቁ አለ። የጭላሎን ተራራ ይሳሉልን ሲሏቸው ግን «በር ላይ ወጥተህ እየው፣ በነፃ ነው» ይሉ ነበር።

ከልማዳቸው ሁሉ አንዱን ልንገራችሁ፤ ያለሱ ቀሪው ታሪክ አይገባም። በዚያ ዘመን ፊልም እንደልብ አይገኝም ነበር። ሰርግና በዓል ላይ ሁሉም «አንሳኝ፣ አንሳኝ» ይላል። ብዙው ፎቶ አንሺ ሰው ላለማስቀየም ብሎ ባዶ ካሜራ ያነሳና ቀጭ ያደርጋል። ተነሺው ደስ ብሎት ይሄዳል። በኋላ ሲመጣ «ፊልሙ ብርሃን ገባበት» ይባላል። ሁላችንም እናደርገው ነበር፤ እንደ ይሉኝታ እንጂ እንደ ውሸት የሚቆጥረው አልነበረም። ጋሽ ተክሌ ብቻ ይህንን ነገር እንደ ሌብነት ይጠሉት ነበር።

ካሜራዋ ግራ ትከሻ ላይ አንዲት ትንሽ ማዞሪያ አለች። ፊልም ካለ፣ በቀኝ በኩል ስትጠመዝዝ እሷም አብራ ትዞራለች። ባዶ ከሆነች ዝም ትላለች። ከሳጉሬ ወይ ከሲሬ የመጣ፣ በዟሪ ፎቶ አንሺ የተታለለ ገበሬ ሲገባ ጋሽ ተክሌ ፎቶውን አንስተው ሲያበቁ የሰውዬውን ጣት ይዘው ማዞሪያዋ ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ይጠመዝዛሉ።

«ዞረ?»

«ዞረ።»

«በቃ፣ ገብተሃል።»

ሰውዬው ጣቱን እያየ ሲወጣ ማየት ደስ ይል ነበር።

ጦርነቱ ሰሜን ነበር፣ ወንድም ከወንድሙ የሚዋጋበት። ልጆቻችን ከየወረዳው እየተጫኑ ይሄዳሉ፤ ጊዜ ያገኘው ከመሄዱ በፊት እኛ ጋ መጥቶ ጉርድ ፎቶ ይነሳል። አንድ ቀን ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ ካሜራ የሚያውቅ ሰው ለሦስት ወር ወደ ግንባር ይላክ ተባለ። ጋሽ ተክሌ ስኳር በሽተኛ ስለነበሩ እኔ ሄድኩ። ሲሸኙኝ ይቺን ካሜራ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። «ደሜ፣ የሚሰጡህ ካሜራ ከከዳህ ይቺ አትከዳህም» አሉኝ ስሜን አቆላምጠው።

ግንባር ስንደርስ የምንፈልገው ውጊያ አልቋል። ኮረብታው ከተያዘ ሁለት ቀን ሆኖታል፣ ሬሳውም ተነስቷል። የምታዘዘው ለአንድ ሻምበል ነበር፤ ሥራው ቅስቀሳ ነው። «የደረስነው ዘግይተን ነው» ስለው ኮረብታውን ቀና ብሎ አየና፣ «ምን ችግር አለ፣ እንደገና ይያዛል» አለኝ።

እንደገናም ተያዘ። አሮጌ ጎማ ተቃጠለና ጭስ ሆነ። ወታደሮቹ ከታች ተሰልፈው «አፋችሁን ከፍታችሁ ሩጡ» ተባሉ። መጀመሪያ ሲሮጡ የአንዱ ቆብ ወደቀና ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ተመለሱ። ሁለተኛ ሲሮጡ ጭሱ ወደኛ ዞሮ ማን ማንን ያይ! እንደገና ተመለሱ። ፊልም የሚሰጠኝ በቁጥር ነው፤ በተሰጠኝ ካሜራ ውስጥ ስድስት ምስል ብቻ ቀርቶኛል። የጋሽ ተክሌ ካሜራ ባዶዋን አንገቴ ላይ ነበረች።

አንድ ወታደር ግን አልተሰለፈም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኮረብታውን ያያል። ሻምበሉ ሲጮህበት ሳይነሳ መለሰለት።

«አንዴ ወጥቼዋለሁ ጌታዬ። ሁለተኛ አልወጣም። እዚያ ጋ የጓደኛዬ ደም አለ።»

ዛቱበት፣ ሰደቡት። ቀትር ነበር፤ ጎማው ነድዶ ሳያልቅ ብለው ተዉት።

እኔ ጭሱ እስኪስተካከል ስጠብቅ በአነጋገሬ ለየኝ። «የአሰላ ልጅ ነህ አይደል? እኔ የኢተያ ነኝ፣ ገመቹ እባላለሁ። ማሎ፣ እባክህ፣ አንድ ፎቶ አንሳኝ። ከገበያ ነው አፍሰው የወሰዱኝ፤ እናቴ የኔ አንድም ፎቶ የላትም።»

መልስም አልጠበቀ። መዳፉን በኮዳ ውሃ አርሶ ፀጉሩን ደባበሰ። የአንገቱ ቁልፍ ስለተበጠሰ ኮሌታውን በጣቱ ያዘው። መሣሪያውን አነሳ፣ አሰበና መልሶ አስቀመጠው። «መሣሪያ ስታይ እናቴ ትፈራለች» አለኝ። ከዚያ ሳቀ። የላይኛው የፊት ጥርሱ ከጫፉ ተሸርፏል።

ፊልም የለኝም ማለት ምን ያቅታል? አቃተኝ። ስድስቱን ለሻምበሉ ሩጫ ነው ያስቀመጥኳቸው። ይሉኝታም ያዘኝ። ባዶዋን ካሜራ አነሳሁና ቀጭ አደረግኩ። ጠመዘዝኩ፤ ማዞሪያዋ ዝም አለች። እሱ የማዞሪያ ነገር የት ያውቃል!

«ገባሁ?» አለኝ።

«ገብተሃል» አልኩት። ፎቶ ቤታችን የት እንደሆነም ነገርኩት።

አምስቱን ምስል ለሩጫው አዋልኩ። ስድስተኛዋ ተረፈች። ማታ ላይ ሻምበሉ ጢሙን ተላጭቶ መጣና እሷን በእሱ ጨረስኳት።

በማግስቱ ጠዋት ወረድን። እኛ ከወረድን በኋላ ኮረብታው ተመልሶ ተወሰደ። «ድል» ተብሎ ያነሳሁት የሩጫ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ኮረብታው በእጃችን አልነበረም። ገመቹም በሕይወት አልነበረም። ይህንን ያወቅኩት ግን አሰላ ከተመለስኩ በኋላ ነው፣ እናቱ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሲቆሙ።

ጥቁር ሻሽ አስረዋል። መርዶው ከደረሳቸው ሁለት ወር አልፎታል። ከጉያቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አወጡና ሰጡኝ። ገመቹ ያን ዕለት ማታ የጻፈው ነው። «ዛሬ የአሰላው ፎቶ አንሺ አነሳኝ፣ ያለ መሣሪያ፣ ስስቅ። ከዋናው መንገድ ፎቶ ቤት ሄደሽ ተቀበዪው» ይላል።

«ልቀበል ነው የመጣሁት» አሉኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ፊልሙ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ የመንግሥት ነው። ሲመጣ እሰጥዎታለሁ እማማ።»

«እጠብቃለሁ፣ ኢልማ ኮ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ አሰላ ገበያ በመጡ ቁጥር ብቅ ይሉ ነበር። ከበር ላይ ቆመው «መጣ እንዴ?» ይላሉ። «ገና ነው» እላለሁ። ይሄዳሉ።

በዚያው ዓመት የከተማው ሹማምንት ያንን ጋዜጣ ይዘው መጡና ጋሽ ተክሌን ለአዳራሹ ትልቅ ሥዕል አዘዟቸው። ውጊያው ጎህ ሲቀድ የተደረገ ነው፣ ልክ እንደ ፎቶው ይሳል ተባለ። ጋሽ ተክሌ ፎቶውን በማጉያ መነጽር ብዙ ጊዜ አዩት።

«ደሜ፣ ና እስቲ። የእነዚህ ሰዎች ጥላ የት አለ?»

«እግራቸው ሥር።»

«ጎህ ሲቀድ ጥላ እግር ሥር ይሆናል? ደግሞ አንዱም አልፈራም። ሞት ፊት የሚሮጥ ሰው እንዲህ አፉን አይከፍትም፤ ጥርሱን ይነክሳል።»

የጎማውን ጭስ፣ የቆቡን ነገር፣ እንደገና መያዙን ሁሉ ነገርኳቸው። አልወጣም ብሎ የተቀመጠውን ወታደርም ነገርኳቸው። ስለ ባዶዋ ካሜራ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ሥዕሉን ለመጨረስ ከሁለት ወር በላይ ፈጀባቸው። እንደዚያ ሆነው ሲሠሩ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋቸውም። ጥላውን አስረዘሙት። የሯጮቹን አፍ ዘጉት። ከሁሉ ፊት፣ ከታች በግራ በኩል፣ ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ አንድ ወታደር ሳሉ። ሹማምንቱ ሊያዩ ሲመጡ አንዱ «ይሄ ለምንድነው የተቀመጠው?» ብሎ ጠየቀ።

«ጫማውን እያሰረ ነው» አሉ ጋሽ ተክሌ ፊታቸው ሳይፈታ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። እንደወጡ ጋሽ ተክሌ ብሩሻቸውን አንስተው ለወታደሩ የጫማ ክር ጨመሩለት።

ሥዕሉ ከተሰቀለ በኋላ የገመቹ እናት ሊያዩ መጡ። ሦስታችን አዳራሹ ውስጥ ቆምን። ከሯጮቹ ፊት ላይ አንድ በአንድ ዓይናቸውን እያሳለፉ «የቱ ነው የኔ?» አሉ። ወደተቀመጠው ጠቆምኩ። ቀረብ ብለው ሸራውን በመዳፋቸው ነኩት፣ ትከሻው ላይ።

«ትከሻው ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ጋሽ ተክሌ ዞሩ። «ማሎ ጋሼ፣ ፊቱን አዙሩልኝ።»

ጋሽ ተክሌ ያን ቀን ድምፃቸው ለሰለሰ። «ፊቱን አላየሁትማ እናቴ። ፎቶው ይምጣ፤ የዚያኑ ቀን አዞረዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ሁለቱም ወደኔ አዩ። ወለሉን አየሁ።

በሳምንቱ አልቻልኩም። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ሳንተያይ፣ «ባዶ ነበረች» አልኳቸው። ካሜራዋን ከተሰቀለችበት አወረዱ። ጣቴን ይዘው ማዞሪያዋ ላይ አደረጉና ጠመዘዙ። አልዞረችም። ደግመው ጠመዘዙ። አልዞረችም። ሌላ ሰው ቢሆን በጥፊ ያጮለኝ ነበር፤ ምናለ ባጮሉኝ!

«ንገራቸው» አሉኝ። «እኔ አልነግርልህም። ፊቱን ከሃሳቤ ፈጥሬም አልስልም።»

ነገሬን ሳልናገር ዓመቱ አለፈ። ጋሽ ተክሌ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ደንበኛ ሲመጣ ግን ጣት ማስያዙን ቀደም ሲል ለኔ መተው ጀምረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ራሳቸው ያዙት። ስኳሩ ጸናባቸውና ሞቱ። ልጆቻቸው ፎቶ ቤቱን ሸጡት፤ ካሜራዋን ለኔ እንዲሰጡ ተናዝዘዋል። ስወዳቸው! አሁንም ኮት የለበሰ ቀጭን ሽማግሌ መንገድ ላይ ሳይ እግሬ ይከተለዋል።

መንግሥት ሲለወጥ ሥዕሉ ወረደ። ሸራውን የሆነ ሰው የእህል መኪና መሸፈኛ አደረገው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ አላየሁም። የገመቹ እናት ባዶውን ግድግዳ አይተው ቀጥታ ወደኔ መጡ። «ልጄን የት ወሰዱት?» አሉኝ። ምን ልበል? «አይ እማማ» አልኩ፣ እሱን ብቻ።

ከዚያ በኋላ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገባሁ። ደሞዙ ቤተሰብ አሳድሯል፣ አላማርርም። ብዙውን ዘመኔን የስንዴ ማሳ፣ የኮምባይነር ርክክብ፣ የጎብኚ ሰልፍ ሳነሳ ኖርኩ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዳንዱ ዘግይቶ ይደርስና የታጨደውን ነዶ «እስቲ መልሳችሁ አቁሙትና እንደገና ይታጨድ» ሲል ሻምበሉ ድቅን ይልብኛል። ሥራው ሥራ ነውና አነሳለሁ። ለገበሬው ግን በጊዜው ፊልም ከሌለኝ «የለኝም» እላለሁ። ይህችን ተምሬያለሁ።

እናትየው መሥሪያ ቤቴንም አገኙት። «መጣ እንዴ?» «እየተፈለገ ነው እማማ።» ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ። የጥበቃ ሠራተኞቹ «እናትህ መጡ» ይሉኝ ነበር። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ግን አልመጡም። እውነቱን ልናገርና፣ ሞተው ቢሆን ይቀለኛል ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ። እንደዚህ ያለ ሰው ነኝ።

ካሜራውን ባስረከብኩ በሦስተኛው ቀን ቤቴ ያለውን መሳቢያ ሳጸዳ ጊዜዋ ያለፈ አንዲት ፊልም አገኘሁ። ይቺን ካሜራ ከፍቼ አስገባኋትና ዘጋሁ። ለምን እንደሆነ ራሴም በደንብ አላውቅም። ተነሳሁና ኢተያ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ከሴት ልጃቸው ግቢ፣ ከጭድ ክምሩ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ገና «እንደምን ዋሉ» ስል ድምፄን ለዩት።

«የፎቶው ልጅ! መጣ እንዴ?»

«አልመጣም እማማ። አይመጣምም።» እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ፊልም አልነበረም። ሳነሳው ካሜራዋ ባዶ ነበረች። አዲስ አበባ የተላከ ነገር የለም። ስዋሽዎት ነው የኖርኩት።»

እንዳልሰሙኝ ጠርጥሬ ልደግም ስል በትራቸው ጉልበቴን መታኝ። ኧረ አመመኝ!

«አንተ! ስንቴ ነው ያመላለስከኝ? በዝናብ፣ በጭቃ! ጠጉሬ በአንተ ደጅ ነጣኮ! እግዜር አያይህም?»

«ያየኛል እማማ።»

«ያይሃላ!» አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ልጃቸው ከቤት ብቅ ብላ አይታን ተመለሰች።

ቆይተው ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «እና ያለው ሁሉ ውሸት ነው? ስስቅ አነሳኝ ያለው?»

«እሱስ እውነት ነው። ሳቀ። መዳፉን በውሃ አርሶ ፀጉሩን አስተካከለ። ቁልፉ ተበጥሶ ስለነበር ኮሌታውን በጣቱ ያዘው። መሣሪያውን አነሳና እናቴ ትፈራለች ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ሲስቅ የፊት ጥርሱ...»

«የላይኛው!» አሉ። «ከጫፉ! ወይፈን ነው በቀንዱ የመታው፣ ትንሽ ሳለ።» እጄን ያዙት፣ አጥብቀው። «ቀጥል።»

ድንጋዩ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ፣ ለሻምበሉ ምን እንዳለው፣ በምን ድምፅ «ማሎ» እንዳለኝ ነገርኳቸው። የቀረኝ ነገር አልነበረም። ሲያስደግሙኝ ደገምኩ። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ እጄን አልለቀቁኝም።

«ይሄን ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ። አሁን ቁጣ አልነበረበትም። «ፎቶው ይቅር። ይሄን ይዘህ ሠላሳ ዓመት ምን ያደርግልሃል?»

ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

ከዚያ ደረቴ ላይ ያለችውን ካሜራ ዳበሱ። «እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«እኔም ፎቶ የለኝም። የሱ ሳይመጣ አልነሳም ብዬ ቀረሁ።» በትራቸውን አስቀመጡ። «አሁንስ ባዶ ናት?»

«ፊልም አላት። ግን ጊዜው አልፎበታል እማማ፣ ላይወጣ ይችላል።»

«የኔስ መቼ አላለፈ!» ብለው ሳቁ፣ ያለ ጥርስ። እዚያው ላይ አነሳኋቸው።

ካሜራዋን ይዤ አጠገባቸው ተንበረከክኩና ጣታቸውን ማዞሪያዋ ላይ አስቀመጥኩ። ጠመዘዝኩ።

«ዞረ» አሉ።

«በቃ፣ ገብተዋል» አልኳቸው።

ጣታቸውን አላነሱም። «አንዴ ድገመው» አሉኝ። «ለሱ።»